ክፍት ስልክ ይዞ ኩባንያ መቀየር፦ አሜሪካ ውስጥ የማን ታወር፣ ከየትኛው ሻጭ?

አሜሪካ ውስጥ የስልክ መስመር የሚሸጠው ኩባንያ ብዛት ያዞራል። ዋልማርት ብትገቡ አንድ ግድግዳ ሙሉ ሲም ካርድ ተሰቅሏል። ዩቲዩብ ስትከፍቱ አንዱ በ15 ዶላር፣ ሌላው በ25 ዶላር “ያልተገደበ” እያለ ይጣራል። ከዚህ ሁሉ ስም ጀርባ ግን አገሩን የሚሸፍን የራሳቸው ኔትወርክ ያላቸው ሦስት ናቸው፦ ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል። አራተኛ ለመሆን የራሱን ኔትወርክ ሲዘረጋ የነበረው የቡስት ሞባይል ባለቤት ኤኮስታር እንኳ በ2025 ፍሪኩዌንሲ በ23 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለኤቲ ኤንድ ቲ ለመሸጥ ተስማምቷል። የቀሩት በአብዛኛው ከሦስቱ በጅምላ ገዝተው በችርቻሮ የሚሸጡ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። በማን ታወር ልጠቀም? ከማንስ ልግዛ? ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። ኔትወርኩ ጥሩ ሆኖ ቢሉ የከበደው ሰው ታወር መቀየር አያስፈልገውም፤ ሻጭ ብቻ ይቀይር። ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሰው ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ብቻ እዚያው ታወር ላይ ያለ ቸርቻሪ ጋ ቢሄድ፣ ቢሉ ይቀንስለት ይሆናል እንጂ ስልኩ እዚያው ሳሎን ውስጥ መቆራረጡን ይቀጥላል። ይህን ለይታችሁ ካወቃችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ።

መጀመሪያ ስልኩ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ

ክፍት ስልክ ማለት በሸጠው ኩባንያ መስመር ላይ ብቻ እንዲሠራ ያልተቆለፈ ስልክ ነው። “ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ስለዚህ ክፍት ነው” ማለት ሁልጊዜ አያስኬድም። ከፍሎ መጨረስ አንድ ነገር ነው፣ ኩባንያው ሎኩን ማንሳቱ ሌላ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት ውስጥ ግቡና ወደ ታች ውረዱ። “ካሪየር ሎክ” ከሚለው ፊት ለፊት “ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ” ካለ ክፍት ነው። አንድሮይድ ላይ ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ፣ ቀላሉ መንገድ የሌላ ኩባንያ ሲም ካለው ጓደኛ ለአምስት ደቂቃ ተውሶ መክተት ነው። ደውሎ ካወራ ክፍት ነው። የመክፈቻ ቁጥር ከጠየቀ አይደለም።

ሎኩን የሚያነሳው መጀመሪያ የሸጠው ኩባንያ ነው። ሁሉም የየራሱ ደንብ አለው፤ ደንቡም ይለዋወጣል። በወር ቢል ለሚከፈል መስመር ቲ-ሞባይል 40 ቀን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ 60 ቀን መስመሩ እንዲሠራ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም የስልኩ ዋጋ ተከፍሎ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። በቅድሚያ ክፍያ የተገዛ ስልክ ግን ወራት፣ አንዳንዱ ጋ እስከ አንድ ዓመት ያስጠብቃል። “በነፃ” የተሰጠ ስልክ ከሆነ ደግሞ ልብ በሉ። ነፃ የሚሉት በየወሩ ቢል ላይ በሚገባ ቅናሽ ነው፤ ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ ብዙ ጊዜ በ36 ወር፣ ቲ-ሞባይል በ24 ወር ያከፋፍሉታል። በመካከል ከወጣችሁ ቅናሹ ይቆምና የቀረው የስልኩ ዋጋ በአንዴ ይመጣል። ይህን ያላወቀ ሰው የመጨረሻውን ቢል ሲያይ ይደነግጣል።

ከሰው እጅ ስልክ የምትገዙ ከሆነ *#06# ብላችሁ ደውሉ። የሚመጣው 15 አሃዝ ያለው ቁጥር አይኤምኢአይ ይባላል፤ የስልኩ መታወቂያ ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልትገቡበት ባሰባችሁት ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ “የራስዎን ስልክ ይዘው ይምጡ” የሚለው ገጽ ውስጥ አስገቡት። የተሰረቀ ወይም ዕዳ ያለበት ተብሎ ጥቁር መዝገብ ላይ የገባ ስልክ፣ ክፍት ቢሆንም እንኳ አይሠራላችሁም።

ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የመጣ ስልክ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ወገናችን የሚቸገርበት ይህ ነው። ዲቪ ደርሶት የመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ሁለት ሲም የሚወስድ አዲስ ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ይዞ ይመጣል። ስልኩ ክፍት ነው፣ አዲስ ነው፣ ገንዘብ ወጥቶበታል። ሲሙን ይከታል፣ ኢንተርኔቱ ይሠራል። ሊደውል ሲል ግን እምቢ ይላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ 3ጂ ተዘግቷል። ኤቲ ኤንድ ቲ በየካቲት 2022 መዝጋት ጀመረ፣ ቲ-ሞባይል በዚያው ዓመት አጋማሽ ተከተለ፣ ቬራይዘን በታኅሣሥ መጨረሻ ዘጋ፤ ወራቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የሚሄደው በዋናነት በ4ጂ ላይ ነው። ቮልቲኢ የሚሉት ይህን ነው። ስልኩ ቮልቲኢ ስላለው ብቻ አይበቃም፤ የዚያን ኩባንያ ቮልቲኢ እንዲያውቅ ሆኖ መሠራት አለበት። ለአፍሪካና ለእስያ ገበያ የተሠሩ ብዙ ስልኮች ይህ የላቸውም።

ሦስቱ ኩባንያዎች በዚህ ነገር ላይ እኩል አይጨክኑም። ኤቲ ኤንድ ቲ ያጸደቃቸውን ስልኮች ዝርዝር ይዟል፤ እዚያ ውስጥ የሌለ ስልክ ቴክኒኩ ቢፈቅድም ኔትወርኩ ላይ አይቆይም። ቬራይዘንም አይኤምኢአዩን አይቶ ይመርጣል። ከሦስቱ ለውጭ ስልክ በጣም የሚመቸው ቲ-ሞባይል ነው። ከውጭ የመጣ ስልክ ይዛችሁ “የቱ ጋ ልሞክር?” ብትሉኝ መልሴ ቲ-ሞባይል ወይም በእሱ ታወር ላይ የሚሸጥ ቸርቻሪ ነው። እሱ ካልሠራ ሌሎቹ የመሥራታቸው ዕድል ጠባብ ነው።

ሳምሰንግ ሲሆን የሞዴል ቁጥሩን እዩ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው የጋላክሲ ኤስ መጨረሻው ላይ “ዩ” ወይም “ዩ1” የሚል አለው፤ ዱባይ ወይም አውሮፓ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ “ቢ” ነው። የ“ቢ”ው ስልክ ውብ ስልክ ነው፤ ግን አሜሪካ ውስጥ የሚያስፈልጉ አንዳንድ ባንዶች፣ ማለትም ኔትወርኩ የሚሠራባቸው የፍሪኩዌንሲ ክልሎች፣ ሊጎድሉት ይችላሉ። አይፎን ከየትም ቢመጣ ከሌሎቹ ያነሰ ጣጣ አለው፤ አዲስ ከሆነ በሦስቱም ላይ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አሮጌ አይፎን፣ ለምሳሌ ከአይፎን 6 በፊት የነበረ፣ ቮልቲኢ ስለሌለው ለመደወል አይሆንም።

አሮጌ የኢንተርኔት ጽሑፎች ላይ “ቬራይዘን ሲዲኤምኤ ስለሆነ የጂኤስኤም ስልክ አይሠራበትም” የሚል ታገኛላችሁ፤ ሁለቱ የማይግባቡ የድሮ ኔትወርክ ዓይነቶች ናቸው። በዘመኑ እውነት ነበር። ዛሬ እርሱት፤ የሲዲኤምኤው ዘመን ከ3ጂው ጋር አብሮ አልቋል።

ሦስቱ ታወሮች ሲነጻጸሩ

“የቱ ይሻላል?” ብሎ መጠየቅ ትርጉም የሚኖረው የት እንደምትውሉና የት እንደምታድሩ ከተናገራችሁ ነው።

ቲ-ሞባይል ከተማ ውስጥ ፈጣን ነው። በ2020 ስፕሪንትን ሲጠቀልል ለ5ጂ የሚመች ሰፊ ፍሪኩዌንሲ አብሮ ወረሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሲያትል፣ ዳላስ ለሚኖር ሰው ኢንተርኔቱ ይበርራል። ራቅ ላለ ቦታ ደግሞ ባንድ 71 የሚባል ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ አለው፤ በ2017 ጨረታ የገዛው ነው። ስልካችሁ ባንድ 71 ከሌለው ከከተማ ወጣ ስትሉ፣ እንዲሁም ወፍራም ግድግዳ ያለው ሕንፃ ውስጥ ሲግናሉ ይዳከማል። ከውጭ የመጡ ስልኮች በብዛት የሚጎድላቸውም ይኸው ባንድ ነው። ያው ቲ-ሞባይል ለውጭ ስልክ ይመቻል ብያለሁ፤ መመቸቱ ግን ስልካችሁ ሁሉንም ያገኛል ማለት አይደለም።

ቬራይዘን ለረጅም ጊዜ የገጠር መንገድ ንጉሥ ሆኖ ኖሯል። በ2021 ለ5ጂ የሚሆን ፍሪኩዌንሲ ለመግዛት ብቻ ከ45 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል፤ ስለዚህ ከተማ ውስጥም ቀልጣፋ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ በፍጥነት አንደኛ የሚባልበት ጊዜ ጥቂት ቢሆንም ሽፋኑ ሰፊና የተረጋጋ ነው። ደቡብ በኩል፣ ቴክሳስና ጆርጂያን ጨምሮ፣ የሚያመሰግነው ብዙ ነው።

ከባድ መኪና የምትነዱ ከሆነ በእኔ ግምት ቬራይዘን ወይም ኤቲ ኤንድ ቲ ነው የሚያዋጣው። ኢንተርስቴት 80ን ይዞ ነብራስካንና ዋዮሚንግን የሚያቋርጥ ሰው ፍጥነቱ በሴኮንድ ስንት እንደሆነ አይገደውም። መልእክቱ መግባቱን፣ ጂፒኤሱ አለመጥፋቱን ነው የሚፈልገው። ሁለት ሲም የሚወስድ ክፍት ስልክ ካላችሁ ደግሞ ሁለት የተለያየ ታወር መያዝ ትችላላችሁ፤ ዋናውን በአንዱ፣ መጠባበቂያ የሚሆን ርካሽ መስመር በሌላው። ለረጅም መንገድ ሹፌር ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

የኩባንያዎቹን የሽፋን ካርታ ብዙ አትመኑ። ሁሉም አገሩን በሙሉ ቀለም ቀብተው ነው የሚያሳዩት። የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ካርታ ይሻላል፤ አድራሻ አስገብታችሁ የሦስቱን ጎን ለጎን ታያላችሁ። እሱም ቢሆን የሚያሳየው ውጭ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ያለውን እንጂ የእናንተን ቤዝመንት አይደለም። ቤዝመንት ተከራይቶ የኖረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሳትከፍሉ ሞክሩ

ክፍት ስልክ ያለው ሰው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ የሚገርመው ብዙ ሰው አያውቀውም። ቲ-ሞባይልና ቬራይዘን፣ እንዲሁም ቸርቻሪዎቹ ቪዚብል እና ክሪኬት፣ በኢሲም (ያለ ካርድ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም) ነፃ የሙከራ ጊዜ ይሰጣሉ። እንደ ኩባንያው ከሁለት ሳምንት እስከ አንድ ወር ይሆናል። አፑን ታወርዳላችሁ፣ ኢሲሙ ይጫናል፣ የድሮው መስመራችሁ እንዳለ ይቀጥላል። ቁጥራችሁን አትነኩም። የሚያስፈልገው ስልኩ ክፍት መሆኑና ኢሲም መቀበሉ ነው።

ሙከራውን በአግባቡ አድርጉት። መጀመሪያ ዋይፋይ አጥፉ፤ ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ “ይሠራል” ማለት ራስን ማታለል ነው። ከዚያ የምትተኙበት ክፍል፣ የሥራ ቦታችሁ፣ ልጅ የምታደርሱበት መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም መስጊዳችሁ ውስጥ ሞክሩ። ጠዋት ብቻ ሳይሆን ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁሉም ሰው ቪዲዮ በሚያይበት ሰዓት ሞክሩ። በቲ-ሞባይል ሙከራ ጥሩ ያገኘ ሰው ከእሱ በጅምላ የሚገዙት ሚንት ወይም ቴሎ ሲገባ ያንኑ ታወር ነው የሚያገኘው። ወዲያውም ሙከራው የታወሩን ጥያቄ መለሰ ማለት ነው።

ከማን ልግዛ?

አሁን ወደ ገንዘቡ። በቲ-ሞባይል ታወር ላይ ሚንት፣ ሜትሮ፣ ቴሎ፣ አልትራ እና ጉግል ፋይ አሉ። ቬራይዘን ላይ ቪዚብል፣ ቶታል ዋየርለስና ስትሬት ቶክ። ኤቲ ኤንድ ቲ ላይ ክሪኬት። ኮንሲዩመር ሴሉላር በኤቲ ኤንድ ቲና በቲ-ሞባይል ላይ ይሠራል። ዩኤስ ሞባይል የሚባለው ደግሞ ሦስቱንም ይሸጣል፤ አንዱ ካልተመቻችሁ ሻጩን ሳትቀይሩ ታወሩን ትቀይራላችሁ። ለሚያመነታ ሰው ይህ ጥሩ መላ ነው።

ዋጋቸው ከእናት ኩባንያዎቹ ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። አንድ መስመር ብቻውን ከሦስቱ ትልልቆች በቀጥታ ሲገዛ እንደ ፕላኑ ከ60 እስከ 90 ዶላር አካባቢ ይደርሳል። ቪዚብል ታክሱን ጨምሮ በ25 ዶላር ያልተገደበ የሚሉትን ሲሸጥ ቆይቷል። የሚንት የ15 ዶላር ማስታወቂያ ግን ትንንሽ ፊደሎች አሉበት። ዋጋው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፣ በአንዴ ይከፈላል፣ ታክስ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛውን ዋጋ ለማግኘት የዓመቱን በአንዴ መክፈል ይጠይቃል። መጥፎ ነገር አይደለም፤ ግን የሦስት ወር እና የዓመት ክፍያ እንደሆነ አውቃችሁ ግቡ።

ታዲያ ይህን ያህል ርካሽ ከሆነ ጉዳቱ የት ላይ ነው? ወረፋ ላይ ነው። ታወሩ ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚስተናገዱት የእናት ኩባንያው ደንበኞች ናቸው። የቸርቻሪው ደንበኛ ይጠብቃል። ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ በሐምሌ መጀመሪያ፣ የፈረንጆቹን ማለቴ ነው፣ በየዓመቱ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን የእግር ኳስ በዓል ላይ ስታዲየም ውስጥ ቁሙ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ቦታ ላይ ፎቶ ይልካል፣ ላይቭ ይገባል። ርካሹን መስመር የያዘው ልጅ የኔትወርኩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ቴሌግራሙ ላይ የፎቶዋ ክብ ምልክት ስትሽከረከር ይቀራል። አጠገቡ ያለው በዚያው ታወር በሙሉ ዋጋ የሚከፍል ጓደኛው ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ቪዲዮ እየላከ ነው።

ለብዙ ሰው ይህ በዓመት ጥቂት ቀን የሚያጋጥም ነው፤ ለዚያ ብሎ በየወሩ 40 ዶላር ተጨማሪ መክፈል አያዋጣም። ኡበርና ሊፍት ለሚሠራ ሰው ግን ሌላ ነው። ኤርፖርት የመኪና መጠበቂያ ውስጥ መቶ ሹፌር አንድ ታወር ላይ ተሰልፎ ጥሪ ይጠብቃል። እዚያ ላይ የዘገየ ኢንተርኔት ያመለጠ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቅድሚያ የሚሰጠው ፕላን ይግዛ፤ የግድ ከእናት ኩባንያው መሆን የለበትም። ቪዚብልም ዩኤስ ሞባይልም ትንሽ ጨምሮ ለሚከፍል ቅድሚያ ያለው ፕላን አላቸው። ስትገዙ “ፕሪሚየም ዳታ” ወይም “ፕራዮሪቲ ዳታ” የሚለውን ፈልጉ፤ ስንት ጊጋ እንደሆነም እዩ።

ሌላው ጉዳት ሰው ማግኘት ነው። ቪዚብልና ሚንት የራሳቸው ሱቅ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ሁሉ ነገር በአፕና በቻት ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸውን እናታችሁን እዚያ ካስገባችሁ፣ ችግር በመጣ ቁጥር የሚደወለው ለእናንተ ነው። ለእሳቸው ሜትሮ ወይም ክሪኬት ይሻላል፤ በየሰፈሩ ሱቅ አላቸው። ዕድሜያቸው ከ55 በላይ ከሆነ ደግሞ የቲ-ሞባይልን የ55 ዓመት ፕላን ጠይቁ፤ ሁለት መስመር ሲሆን ዋጋው ጥሩ ነው።

አዲስ ለገባ ሰው የምመክረው አንድ ነው፦ በቅድሚያ ክፍያ ጀምሩ። ክሬዲት አያዩም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጠይቁም፣ ማስያዣ አይፈልጉም። ክፍት ስልክ እስካለ ድረስ ውል ውስጥ የሚያስገባ ነገር የለም።

ፋሚሊ ፕላኑን ትቶ መውጣት

ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአንድ መስመር ውድ የሆኑትን ያህል በአራትና በአምስት መስመር ይረክሳሉ። የአንዱ ሰው ድርሻ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የእኛ ሰው ፋሚሊ ፕላን ላይ ያለው ሁሉ ፋሚሊ አይደለም። አንዱ የአክስት ልጅ ነው፣ አንዱ የድሮ ሩምሜት፣ አንዷ የሚስቱ ጓደኛ። አንድ ሰው በስሙ ይከፍላል፣ ሌላው ድርሻውን በየወሩ በዜል ይልክለታል። እንደ ዕቁብ ነው፤ ሰብሳቢው ጨዋ እስከሆነና ሁሉም በጊዜው እስከከፈለ ድረስ ቆንጆ ነው።

ሒሳቡን ስትሠሩ እውነተኛውን ቁጥር አስሉ። በፕላኑ ላይ ለእናንተ ድርሻ የምትከፍሉት ታክስና ክፍያዎች ተጨምረው 35 ዶላር ከሆነ፣ ወደ 25 ዶላሩ ስትሄዱ የምታተርፉት 10 ዶላር ነው። እናንተ ስትወጡ ግን የቀሩት ሰዎች ድርሻ ከፍ ይላል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ለጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩን የሚለቀው የአካውንቱ ባለቤት ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ አትወጡም። ተኳርፋችሁ ከሆነ መጀመሪያ ታረቁ።

ኢትዮጵያ መደወልና ኢትዮጵያ መሄድ

“ያልተገደበ ዓለም አቀፍ ጥሪ” የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የአገሮቹን ዝርዝር ክፈቱና ኢትዮጵያን ፈልጉ። ሕንድና ሜክሲኮ አሉ፤ ኢትዮጵያን ብዙ ጊዜ አታገኟትም፣ ብትኖርም በደቂቃ ተገድባ ነው። የኢትዮጵያ የደቂቃ ዋጋ ከብዙ አገሮች ይበልጣል። ቤተሰባችሁ ቴሌግራምና ዋትስአፕ የሚጠቀም ከሆነ ለዚህ ብላችሁ ፕላን አትምረጡ። ገጠር የቁልፍ ስልክ የሚይዙ አያት ካሏችሁ ግን የደቂቃውን ዋጋ ከመግባታችሁ በፊት አወዳድሩ፤ ወይም ለብቻው የመደወያ አፕ ይዛችሁ ፕላኑን በሌላ መስፈርት ምረጡ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ስትሄዱ ደግሞ ቬራይዘንና ኤቲ ኤንድ ቲ በሚሸፍኗቸው አገሮች በቀን 12 ዶላር አካባቢ ያስከፍላሉ። ለአንድ ወር የሚሄድ ሰው ያስበው። ቦሌ ላይ የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ገዝቶ በሁለተኛው ቦታ መክተት እጅግ ይሻላል። የአሜሪካው ቁጥር የሚያስፈልገው የባንክ ኮድ እንዲገባበት ነው። ለዚህ ደግሞ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚባለውን እዚሁ አሜሪካ ሳላችሁ አብሩት፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች ጋ ዋይፋይ ላይ እስካላችሁ ድረስ የአሜሪካ መልእክት ያለ ሮሚንግ ይገባል። ርካሽ መስመር ልትገዙ ስትሉ ዋይፋይ ኮሊንግ በእናንተ ስልክ ላይ እንደሚሠራ ጠይቁ። ረዘም ላለ ጊዜ የምትቆዩ ከሆነ ቁጥሩን እንደ ቴሎ ባለ ትንሽ ፕላን የሚሸጥ ኩባንያ ጋ አቆዩት። ከመብረራችሁ አንድ ቀን በፊት ግን ቁጥር አታዛውሩ፤ አንድ ነገር ቢጓደል ከአዲስ አበባ ሆኖ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

ቁጥሩን ማዛወር

የድሮውን መስመር ቀድማችሁ አትዝጉ። ከዘጋችሁት ቁጥሩ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ማዛወሩ ራሱ የድሮውን ይዘጋዋል።

የሚያስፈልጋችሁ የአካውንት ቁጥር፣ የማዛወሪያ ፒን እና ቢሉ የሚመጣበት ዚፕ ኮድ ነው። የማዛወሪያ ፒኑ አካውንት የምትከፍቱበት ፒን አይደለም፤ ለብቻው ይጠየቃል። ከቬራይዘን ስትወጡ #7678፣ ከኤቲ ኤንድ ቲ ስትወጡ *7678 ደውሉ፤ ከቲ-ሞባይል ሲሆን አፑ ውስጥ ነው። ፒኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊዜው ያልፋል፤ ስለዚህ አዲሱ ሲም እጃችሁ ከገባ በኋላ ጠይቁት። ቁጥሩ እንዳይሰረቅ ያደረጋችሁት መቆለፊያ ካለ መጀመሪያ አንሱት፤ አዲሱ ጋ ስትገቡ ደግሞ መልሳችሁ አብሩት። ቁጥር ሰርቀው የባንክ ሒሳብ የሚያጸዱ ሌቦች አሉና ይህን ችላ አትበሉ።

በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ከሞባይል ወደ ሞባይል የሚደረግ ቀላል ማዛወር በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ በተግባር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ዕዳ ቢኖርባችሁም እንኳ የድሮው ኩባንያ ቁጥሩን አልለቅም ማለት አይችልም። ዕዳው ግን ይከተላችኋል። ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ስሙ ወይም ዚፕ ኮዱ ቢሉ ላይ ካለው ጋር አለመግጠሙ ነው። ስማችን በሦስት ዓይነት ፊደል በሚጻፍበት አገር ይህ የተለመደ ነው፤ የመጨረሻውን ቢል ከፍታችሁ እንዳለ ገልብጡት። ቅዳሜ ማታ ሳይሆን በሥራ ቀን ጠዋት፣ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አድርጉት። ሲያልቅ መደወል፣ መደወል መቀበል፣ ከባንክ ኮድ መቀበል ሞክሩ። አይፎን ካላችሁ አይሜሴጅን አጥፍታችሁ አብሩት።

አሮጌውን ስልክ ለአገር ቤት

ኩባንያ ስትቀይሩ አዲስ ስልክም ከገዛችሁ፣ አሮጌው ለወንድም ወይም ለእህት መሄዱ አይቀርም። ያ ስልክ ሎክ ከሆነ አካውንታችሁ ክፍት ሳለ አስከፍቱት። ከወጣችሁ በኋላ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ደንበኛ ያልሆነ ሰው ስልክ መስመር ላይ ረጅም ሙዚቃ ያዳምጣል። ከዚያ አፕል አይዲውን ወይም የጉግል አካውንቱን ውጡበት፤ ያለዚያ የተላከለት ሰው ሊከፍተው አይችልም።

አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ አይፎን 14 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም ብቻ ነው። ከአይፎን 17 ጀምሮ ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኳታርና ኩዌት የሚሸጠውም እንዲሁ ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም የኢሲም አገልግሎት አለው፤ ግን የሚቀበለው ሰው ሲሙን ለማስቀየር አገልግሎት ማዕከል መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ትንሽ ከተማ የሚኖር ከሆነ፣ ወይም ሲሙን ከስልክ ስልክ እያፈራረቀ የሚጠቀም ከሆነ፣ ማስገቢያ ያለው አይፎን 13 ወይም ሳምሰንግ ላኩለት።